መሥዋዕት ከማለታችን በፊት



ይህ ጽሑፍ በእሑድ የጥናት ሰዓታችን ከተነሣ አንድ ጥያቄ የተወለደ ነው። ከመካከላችን አንድ ወንድም ስለ ጠፈር ጉዞ አደጋዎች ያዘጋጀውን ንባብ ሲያቀርብ፣ በመንኮራኩር የሞቱትን ጠፈርተኞች «ለሰው ልጅ ዕድገት መሥዋዕት የሆኑ» በማለት ደመደመ። ሁላችንም አጨበጨብን። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የነበረች አንዲት እኅት ግን እጅዋን አውጥታ፣ «መጋቢት አንድ ቀን በእኛ አውሮፕላን የሞቱትስ? እነርሱም መሥዋዕት ናቸው?» ስትል ጠየቀች። አንዳንዱ አዎን አለ፤ አንዳንዱ የለም አለ፤ የሚበዛው ዝም አለ። እኔም ዝም ካሉት ወገን ነበርሁ። ሰዓቱ አለቀና ተበተንን፤ ጥያቄው ግን ከፈረስ መጋላ እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ ሄደ። በሚቀጥሉት ሳምንቶች ያነበብሁትንና ያሰብሁትን እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ በተባለው ስፍራ፣ በገበሬ ማሳ ላይ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች ነበሩበት። አንድም አልተረፈም። ከሠላሳ የሚበልጡ አገሮች ሰዎች ናቸው፤ ኬንያውያን ብቻ 32 ነበሩ፤ ካናዳውያን 18። ናይሮቢ ላይ ወደሚደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ይጓዙ የነበሩም ብዙ ነበሩ። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ሲሆን አየር መንገዱ ከተረከበው አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

በእኛ ከተማ ለቅሶ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም። በጁገል ውስጥ አፎቻው፣ ከቅጥሩ ውጭ ባለው ከተማ ደግሞ እድሩ፣ የሞት ወሬ እንደተሰማ ይሰበሰባል። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሌላው መቃብር ያስቆፍራል፣ ምግቡም ቡናውም በየተራ ይቀርባል። ሃይማኖቱና ሥርዓቱ ይለያያል እንጂ ሁሉም ነገር የሚዞረው በአስከሬኑ ዙሪያ ነው። አስከሬኑ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ተሸኝቶ አፈር ሲለብስ ነው ለቀስተኛው «አልቋል» ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው። እናት ልጅዋ መሞቱን የምታምነው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? አውሮፕላኑ ከመሬት ጋር የተጋጨው በታላቅ ፍጥነት ስለ ነበረ 28 ሜትር ስፋትና 40 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ከፈተ፤ ስብርባሪው እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ገብቶ ተገኘ። የሟቾቹን ማንነት ለይቶ ለማወቅ ወራት የሚወስድ የዘረመል ምርመራ አስፈለገ። ቤተሰቦች ግን ወራት መጠበቅ አልቻሉም። ለየቤተሰቡ ከአደጋው ስፍራ አንድ ኪሎ ያህል አፈር ተሰጠ። መጋቢት 8 ቀን በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሰንደቅ ዓላማ የለበሱ 17 ሣጥኖች ሲገቡ በውስጣቸው አስከሬን አልነበረም። ሕዝቡ ባዶ ሣጥን እያቀፈ አለቀሰ። በቀብር ቦታ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ፤ ይህን ያህል ከባድ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ቃል ይፈልጋል። ባዶውን ሣጥን የሚሞላ ነገር ይሻል። ያን ጊዜ ነው «መሥዋዕት ሆኑ» የሚለው ቃል ወደ አፋችን የሚመጣው። ቃሉ ያጽናናል፤ ሞቱ እንዲያው ከንቱ እንዳልሆነ ይነግረናል። የሚያጽናናውን ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን ማየት ይገባናል።

መሥዋዕት ከመሠዊያ ጋር የሚሄድ የግእዝ ቃል ነው። የአብርሃምንና የልጁን ታሪክ በሐረር የማያውቅ የለም፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም በዐረፋ በዓል በግ ሲያርድ የሚያስበው ይህንኑ ነው። በዚያ ታሪክ ሰጪ አለ፣ የሚሰጥ አለ፣ ተቀባይም አለ። በጉ ግን አልተጠየቀም። እኛ ዛሬ «እገሌ መሥዋዕት ሆነ» ስንል እንደ በጉ ማለታችን አይደለም፤ ሰጪውም የሚሰጠውም ራሱ የሆነውን ሰው ማለታችን ነው። ከተማችን ይህን ቃል በጦርነትም ታውቀዋለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር ተጠግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ኋላም ካራማራ እስኪያዝ ድረስ የወደቀው ወታደር «መሥዋዕት» ተብሏል። ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበርና። (ሳይወድ የተወሰደም እንደ ነበረ አልዘነጋሁም፤ እርሱ ለብቻው ጥናት ይሻል።) እንግዲህ የቃሉ ልክ ይህ ነው፤ ሰውየው አደጋውን አውቆ ሄዷልን?

በዚህ ልክ ጠፈርተኞቹን እንመልከት። በእነርሱ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ማንም ሳያውቅ ሮኬት ላይ አይወጣም። ገስ ግሪሶም የተባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ሥራው አደገኛ መሆኑን፣ እነርሱ ቢሞቱ እንኳ ሰው ሞታቸውን ተቀብሎ ሥራው እንዲቀጥል እንደሚሹ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ከዚህ የበለጠ ፈቃድ የለም። ይሁን እንጂ ግሪሶምና ሁለት ጓደኞቹ ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. የሞቱት በጠፈር አይደለም። መንኮራኩራቸው ገና መሬት ላይ ሆና ልምምድ ሲያደርጉ እሳት ተነሣ፤ ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ ነበር፤ በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበረ ሊከፍቱት አልቻሉም። ግሪሶም ለጠፈር አደጋ ፈቅዷል፤ ለእንዲህ ያለ በር ግን ፈቅዷል ለማለት እቸገራለሁ።

ቻሌንጀር የበለጠ ያሳዝናል። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ከተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ በሰማይ ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለች፣ ከ11 ሺሕ በላይ አመልካቾች መካከል የተመረጠች አስተማሪ ነበረች፤ ብዙ ተማሪዎች በየክፍላቸው ሆነው በቴሌቪዥን እያዩአት ነበር። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ግን በስልክ ክርክር ነበረ። የሮኬቱን አካል የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም ሮጀር ቦይጆሊ፣ ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ሊደነድን፣ ጋዝም ሊያመልጥ ይችላል ብለው መንኮራኩሯ እንዳትነሣ ተከራከሩ። አላን ማክዶናልድ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም አለ። አለቆቻቸው ተጭነው አሳለፉት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰባቱ ተጓዦች ስለ ክርክሩ አልተነገራቸውም። ሮኬት አደገኛ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት አደገኛ መሆኑን ግን የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ።

ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ ከ16 ቀን ጉዞ ስትመለስ፣ ልታርፍ 16 ደቂቃ ሲቀራት ተበታትና ሰባት ሰዎች ጠፉ። ስትነሣ የወደቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መትቶ ነበር። መሐንዲሶች ክንፏ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ለምነው ነበር፤ አልሆነም። ለአዛዡ ከምድር የተላከለት መልእክት ቁራጩ መምታቱን ገልጾ ለመልሱ ጉዞ ምንም ሥጋት እንደሌለ የሚናገር ነበር። እርሱም አምኖ አመሰገነ።

ስለዚህ ወንድማችን ያነበበልንን «መሥዋዕት» የሚለውን ቃል ለጠፈርተኞቹ እንኳ በሙሉ ልብ መስጠት አስቸጋሪ ሆኖ አገኘሁት። ከፊሉን እነርሱ ሰጡ፤ ከፊሉን ግን ሌላ ሰው ሳይጠይቃቸው ሰጠባቸው።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንምጣ። የ737 ማክስ ጉዳይ ለብዙዎቻችን ግልጽ ስላልሆነ በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ፣ ደንገጎ ላይ መኪናው ሲፈጥን እጃችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? መዳፋችሁን ትንሽ ቀና ስታደርጉት ንፋሱ ወደ ላይ ያነሣዋል። ከመጠን በላይ ስታቀኑት ግን ማንሣቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የአውሮፕላን ክንፍም እንዲሁ ነው። በማክስ ላይ የተገጠሙት ሞተሮች ከቀድሞዎቹ የሚተልቁና ወደ ፊት የተገፉ ስለ ነበሩ አንዳንድ ጊዜ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና ሊል ይችል ነበር። ስለዚህ ኩባንያው አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚጫን የኮምፒውተር ሥርዓት አበጀ፤ ኤምካስ ይባላል። ይህ ሥርዓት የክንፉን አቅጣጫ የሚያውቀው በአፍንጫው ጎንና ጎን ካሉት ሁለት መለኪያዎች በአንዱ ብቻ ነበር። ያ አንዱ ቢበላሽ የሚያርመው የለም። በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍም ውስጥ ስሙ አልተጻፈም ነበር።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎች ስለ ሥርዓቱ የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ። ከዚያ አደጋ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ባለሙያዎች አንድ ስሌት ሠሩ። ሥርዓቱ ሳይስተካከል ቢቀር በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ሁሉ እስከ 15 የሚደርሱ ከባድ አደጋዎች ሊደርሱ ይችላሉ የሚል ነበር። ማክሶቹ ግን ማስተካከያው እስኪዘጋጅ መብረራቸውን ቀጠሉ። ይህ ስሌት በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ነው።

እኛ በጥናት ክፍላችን የሟቾችን መሥዋዕትነት ለመመዘን ስንጨነቅ፣ ለካስ አስቀድሞ የመዘነ ሰው ነበረ። ሚዛኑም ወረቀት ላይ ነበር። በሚዛኑ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን በቦሌ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ይህን አያውቁም ነበር። ጉባኤ ሊሄድ የተነሣው፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው፣ ልጅ ይዛ የምትጓዘው፣ ሻይ ልታቀርብ የቆመችው አስተናጋጅ፣ ማናቸው ተጠየቁ?

ስለ ሁለቱ አብራሪዎች ግን ትንሽ ልቆይ። አውሮፕላኑ እንደ ተነሣ የግራው መለኪያ የክንፉ ቅንነት 74 ዲግሪ ተኩል ነው አለ፤ የቀኙ 15 ያህል ይል ነበር። ኮምፒውተሩ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ይጫን ጀመር። ከድምፅ መቅጃው እንደ ተገኘው፣ የሥርዓቱን ኤሌክትሪክ ቁረጠው ብሎ የተናገረው ረዳቱ አሕመድኑር ነው፤ በጠቅላላው 361 ሰዓት ብቻ የበረረ ልጅ። ካፒቴኑም ተስማማ። ትክክለኛው መመሪያ ይህ ነበር። ቀጥሎ ሚዛኑን በእጅ ለማስተካከል ሞከሩ፤ አልሠራም፤ አውሮፕላኑ እጅግ ፈጥኖ ነበርና። ካፒቴኑ ረዳቱን አብረን እንሳብ አለው። ሁለቱም ሳቡ። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ሥርዓቱ እንደገና አፍንጫውን ተጫነው።

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የምርመራ ሪፖርት ጥፋቱን በዚሁ ሥርዓት ላይ አስቀመጠ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የሥርዓቱን ጥፋት ሳይክዱ፣ አብራሪዎቹ ፍጥነቱን አለመቀነሳቸውና ሌሎችም ነገሮች ሊጻፉ ይገባ ነበር ሲሉ ተከራከሩ። ባለሙያ ስላልሆንሁ በዚህ አልፈርድም። ነገር ግን አፍንጫው የሚደፋበትን ምክንያት እየፈለጉ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከየአቅጣጫው ማስጠንቀቂያ እየጮኸ፣ የማያውቁትን እጅ በእጃቸው ሲታገሉ ለነበሩ ሁለት ወጣቶች አንድ ነገር እላለሁ፤ በዚያች ስድስት ደቂቃ ውስጥ የነበራቸውን ሁሉ ለተሳፋሪዎቻቸው ሰጥተዋል። ለእነርሱ ቃሉን ብንጠቀም አልቃወምም። ያሬድና አሕመድኑር የሚሉት ስሞች ጎን ለጎን ሲጻፉ ለሐረር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወንድማችን በክርክሩ ላይ ያነሣው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ሳልመልስ ባልፈው ተገቢ አይሆንም። «በእነርሱ ሞት ምክንያት ስንቱ ሰው ዳነ! ፍሬው መሥዋዕት አያሰኛቸውም?» አለ። ፍሬው እውነት ነው። አደጋው በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ማክሶች በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገዱ። በአሜሪካ እገዳው የተነሣው ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ 20 ወር ቆየ ማለት ነው። ሥርዓቱ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያመሳክር፣ ደጋግሞ እንዳይጫን፣ አብራሪውን እንዳያሸንፍ ሆኖ ተሠራ። ከቻሌንጀርም በኋላ የሮኬቱ መጋጠሚያ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ዛሬ በማክስ የሚበር ሰው በ346ቱ ሞት ተጠቅሟል። ዳሩ ግን መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ መሰጠት ሌላ። ሌባ የገደለውን ሰው ቤት አይተን እኛ በራችንን ብናጠብቅ፣ ሟቹ ለበራችን መሥዋዕት ሆነ አንልም። ደግሞም ቃሉ አንድ ክፉ ጎን አለው። «መሥዋዕት ሆኑ» ካልን ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ሰጡ፣ ተቀበልን፣ አመሰገንን። ማን ምን ያውቅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ቤተሰቦቹ ይህን ከእኛ በፊት ተረድተውታል። ቦይንግ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ስለ ኤምካስ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማታለላቸውን አምኖ 2 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሲስማማ፣ ቤተሰቦቹን የጠየቃቸው አልነበረም። እነርሱ ግን ገንዘቡ ይብቃችሁ ቢባሉም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቴክሳስ የተቀመጠው ዳኛ ሟቾቹ በሕግ ፊት «በወንጀል የተጎዱ» ናቸው ብሎ ወሰነ። ክሱ ራሱ ከብዙ መጓተት በኋላ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በዚህም ብዙዎቹ አዝነዋል። ያም ሆኖ ያ የዳኛ ቃል ተጽፎ ቀርቷል። ጀግና አላላቸውም፤ መሥዋዕትም አላላቸውም። ባዶ ሣጥን ላቀፈች እናት ከሁለቱ ቃላት የትኛው ይቀርባት ይሆን ብዬ አስባለሁ። እኔ ብሆን የዳኛውን እመርጥ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ከመስጠቴ በፊት ለእኅታችን አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ታዲያ አሁን የሚበሩትስ?» አለችኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። (ኮሎምቢያ የጠፋችበት ዕለት መሆኑ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም።) በመጀመሪያው በረራ ላይ የተቀመጡት የአየር መንገዱ ኃላፊዎች፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች ነበሩ፤ የሆነውን ሁሉ አውቀው፣ የተለወጠውንም ተነግሯቸው ገቡ። ይህን ስነግራት ራስዋን ነቀነቀች። ባለፈው ክረምት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ድሬዳዋ ወርዳ አውሮፕላን ስትሳፈር፣ ገና ቀበቶዋን ሳታስር ከፊቷ ካለው ኪስ ካርዱን አውጥታ የአውሮፕላኑን ዓይነት እንዳነበበች አጫወተችኝ። ባለ ፕሮፔለር ነበረ። እርሱንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበብሁት አለች።